«የት ነው የሚኖሩት?» ግሪን ካርድ ይዞ አገር ቤት ብዙ ስለ መቆየት

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ብዙዎቻችን፣ ወይም ወላጆቻችን፣ ሻንጣ ሸክፈን ወደ አገር ቤት እንሄዳለን። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መሄዱ ሳይሆን ስለ መመለሱ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ በቤታችን የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ሕጉን ሳገላብጥ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ።

እናቴ ግሪን ካርድ አላት፤ የምትኖረውም ጋርላንድ ከእኛ ጋር ነው። አያቴ አዲስ አበባ አልጋ ሲይዙ ልታስታምም ሄደች። ሁለት ወር የተባለው ጉዞ በሕመሙ ምክንያት ተራዘመ፤ በመጨረሻም አያቴ ዐረፉ። ለቅሶው አልፎ ዐርባቸው ሲወጣ እናቴ ከአሜሪካ ከወጣች አሥር ወር ሞልቷት ነበር።

ስትመለስ በመግቢያው ላይ መኮንኑ በስልክ አስተርጓሚ አማካይነት «የት ነው የሚኖሩት?» ብሎ ጠየቃት። እሷም በየዋህነት «ቤቴ አዲስ አበባ ነው፤ ልጆቼን ልጠይቅ መጣሁ» አለች። እኛ «ቤቴ» ስንል የተወለድንበትን፣ የእናታችንን ደጅ ማለታችን ነው። መኮንኑ ግን የሰማው አዲስ አበባ የምትኖርና ቴክሳስን ለጉብኝት የመጣች ሴት ነው። ወደ ሌላ ክፍል ተወስዳ ሰዓታት ቆየች፤ የምትፈርምበት ወረቀትም ቀረበላት። «ሳይነበብልኝ አልፈርምም» አለች። በመጨረሻ ለምን አሥር ወር እንደቆየች ሲጠይቋት የእናቷን ሞት ተናገረች፤ የሞት የምስክር ወረቀቱም በእጅ ቦርሳዋ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ገባች።

ያን ቀን እኛ ልጆቿ ሕጉን አለማወቃችን አሳፈረኝ። «በዓመት አንድ ጊዜ አሜሪካን ከረገጥክ ይበቃል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሦስት የተለያዩ ቆጠራዎች

አንደኛው 180 ቀን ነው። ከዚያ በታች ቆይቶ የሚመለስ ቋሚ ነዋሪ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ገቢ አይቆጠርም። በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ከቆየ ግን ሕጉ እንደ አዲስ መግባት እንደሚጠይቅ ሰው ሊያየው ይችላል፤ ጥያቄውም ይጠብቃል።

ሁለተኛው አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ውጭ ለቆየ ሰው ካርዱ ብቻውን የመመለሻ ሰነድ አይሆነውም። ከመሄድ በፊት የመመለሻ ፈቃድ በቅጽ አይ-131 ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው ሲገባ አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ፈቃዱም ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ያለ ፈቃድ ዓመት ያለፈው ሰው አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ፣ ኤስቢ-1 የሚባለውን፣ መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን የዘገየው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል።

ሦስተኛው የዜግነት ቆጠራ ነው። በአጠቃላይ ደንቡ ከማመልከቻው በፊት አምስት ዓመት ያልተቋረጠ ነዋሪነትና በውስጡም በአካል 30 ወር መገኘት ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በላይ ከአንድ ዓመት በታች ውጭ መቆየት ነዋሪነቱን እንዳቋረጠ ያስገምታል፤ ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ይቻላል። አንድ ዓመት ከሞላ ግን ይቋረጣል። የመመለሻ ፈቃድ ይህንን ቆጠራ አያድንም። ድንበሩን በሰላም ያለፈ ሰው በዜግነት ቃለ መጠይቁ ሊደናቀፍ የሚችለው ለዚህ ነው።

ዋናው ጥያቄ ቀን ብቻ አይደለም

በ1975 እ.ኤ.አ. የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ የኬን ጉዳይ የሚባለውን ወሰነ። ባለጉዳይዋ የጃማይካ ተወላጅ ስትሆን በዓመት 11 ወር ያህል እዚያው የእንግዳ ማረፊያ ቤት እያስተዳደረች ትኖር ነበር፤ ነዋሪነቷን ለመጠበቅ ወደ አሜሪካ የምትመጣው ለአጭር ጊዜ ነበር። ዓመት ሳይሞላት ብትመለስም ቦርዱ ነዋሪነቷን ትታለች አለ። መመዘኛዎቹ ሦስት ናቸው፦ የሄድሽው ለምን ነበር? ጉዞው በቅርብ የሚያልቅበት ጊዜ ወይም ክስተት ነበረው? ትክክለኛ ቤትሽና ሥራሽ የት ነው?

በዚህ ሚዛን የእናቴ ጉዳይ ጠንካራ ነበር። የሄደችው ለማስታመም ነው፤ ጉዞው የሚያልቅበት ምክንያት ነበረው፤ የምትኖርበት ቤትም ጋርላንድ ነው። የጎደለው እውነቱን በመጀመሪያው ጥያቄ በሙሉ መናገሯ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወላጆቻችንን መልስ እናስጠናቸው አልልም፤ ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ እናስረዳቸው። የቴክሳስ መታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ አይቅበሩት። ታክስም እንደ ነዋሪ ይሞላ፤ ነዋሪ አይደለሁም ብሎ መሙላት ነዋሪነትን እንደ መተው ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል።

ፍተሻው የሚደረገው መጀመሪያ በሚረግጡት የአሜሪካ አየር ማረፊያ መሆኑንም አስታውሱ። በዋሽንግተን ደለስ በኩል የሚመጣ ሰው የሚጠየቀው እዚያ ነው፤ በዶሃ ወይም በፍራንክፈርት በኩል በቀጥታ ወደ ዲኤፍደብሊው የሚመጣ ደግሞ እዚሁ ተርሚናል ዲ። ዳላስ ቆማችሁ ስትጠብቁ እናታችሁ ደለስ ላይ ብቻዋን ልትሆን ትችላለች።

ስለዚያ ወረቀት

አይ-407 የሚባለው ቅጽ ቋሚ ነዋሪነትን በፈቃድ የመተው ቅጽ ነው። ማንም እንዲፈርም አይገደድም። ያልፈረመ ሰው ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይ መብት አለው፤ ነዋሪነቱን ትቷል የሚለውን የማስረዳት ሸክምም የመንግሥት ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕላሴንሲያ ጉዳይ ከውጭ የሚመለስ ቋሚ ነዋሪ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የማግኘት መብት እንዳለው አረጋግጧል።

በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የጉዞ እገዳው በወጣ ማግስት ከአዲስ አበባ ተነስተው ደለስ የደረሱ ሁለት የየመን ወንድማማቾች የኢሚግራንት ቪዛ ይዘው ሳለ ይህንኑ ቅጽ ሳይረዱት እንዲፈርሙ መደረጋቸውን ጠበቆቻቸው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነበር፤ በየካቲት መጀመሪያ ግን አሜሪካ ገቡ። የእናቴን «ሳይነበብልኝ አልፈርምም» ያከበርኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

እውነቱ ሌላ ሲሆን

አንዳንድ ወላጆች በእርግጥ ኑሯቸው አገር ቤት ነው። ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ያለው እዚያ ነው፤ እዚህ የሚመጡት የልጅ ልጅ ለማየት ነው። እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ ከመጨነቅ ጠበቃ አማክሮ፣ አስቦበትና ተረድቶ ካርዱን መመለስና የጎብኚ ቪዛ ማመልከትም አንድ መንገድ ነው፤ ቪዛው እንደሚሰጥ ግን ዋስትና የለም። ይህን ውሳኔ ቤተሰቡ ሳሎን ቁጭ ብሎ ይወስነው እንጂ ደክሞት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው በመግቢያው ላይ አይወስነው።

እናቴ ለአያቴ ሙት ዓመት መሄድ ፈልጋ ነበር። ተነጋገርንና ቀረች። መታሰቢያውን እዚሁ ዳላስ አደረግን፤ ጎረቤቶች መጡ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ እሷም አለቀሰች። ማታ ዕቃ እያጠብን ሳለ «አሁን የት ነው የሚኖሩት ቢሉኝ አውቃለሁ» አለችኝ።

ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ፤ ከተጠራጠራችሁም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።