በድርቅ ጊዜ ለሽማግሌ ከብት አርቢ ስለሚሰጥ ገንዘብ

የገበሬ ሀብቱ በጐተራ ነው፤ የከብት አርቢ ሀብቱ ግን በእግሩ የሚሄድ ነው። ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ ገበሬው ጐተራውን ከፍቶ ይሰፍራል፤ ከብት አርቢውም ከበረቱ አንዲት እንስሳ አውጥቶ ወደ ገበያ ይነዳል። ልጆች ሆይ፥ በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው። እርሱም ዕድሜው የገፋ፥ ጕልበቱም የደከመ የሆነ እንደ ሆነ በድርቅ ጊዜ ምን እንደሚያገኘው፥ በእጁ የሚሰጠውም ጥቂት ገንዘብ ምን እንደሚያደርግለት እንመርምር።

ነገሩ በዓይናችን እንዲታይ አስቀድመን ቦታውን እንወስን። በኢትዮጵያ ደቡብ፥ በኬንያ ድንበር አጠገብ፥ የቦረና አገር አለ። ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንምለታል። ትልቁን ዝናም የአገሩ ሰዎች ገና ይሉታል፤ ከልደት በዓል ጋር ግን ስሙ ከመመሳሰሉ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። እርሱም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ታናሹ ዝናም ሐጋያ ይባላል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በበጋ ወራት ግን ሰውና ከብት ከጥልቅ ጕድጓድ ይጠጣሉ። ከእነዚህም ጕድጓዶች ስማቸው የገነነው ቱላ የሚባሉት ናቸው። ውሃውን ለማውጣት ጐበዛዝት ከጕድጓዱ ግርጌ እስከ አፉ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው፥ እየዘፈኑ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ይህን ሥራ ያየ ሰው ውሃ በዚያ አገር በክንድ የሚገዛ መሆኑን ያስተውላል።

የቦረና ሰዎች ከብታቸውን በሁለት ይከፍላሉ። የሚታለቡት ላሞች ከጥጆቻቸው ጋር በመንደር አጠገብ ይቀራሉ፤ ይህ ወራ ይባላል። በሬዎቹ፥ ጊደሮቹና የነጠፉት ላሞች ግን ከጐልማሶች ጋር ሣር ፍለጋ ርቀው ይሄዳሉ፤ ይህም ፎራ ይባላል። ሽማግሌና ሕፃን ከወራው ጋር ይቀራሉ፤ ምግባቸውም ወተት ነው።

እንግዲህ በዱብሉቅ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት እናስብ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ከፎራው ጋር ሄዷል፤ በቤት የቀሩት ሁለት የልጅ ልጆች ናቸው። ሁለት ላሞችና ስምንት ፍየሎች አሏቸው። እኒህን ባልቴት ለምሳሌ ያህል እኛ አበጀናቸው እንጂ ስማቸው የሚጠራ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ኑሮው እንደ እርሳቸው የሆነ በዚያ አገር ብዙ ነው።

ዝናሙ በቀረ ጊዜ አስቀድሞ የሚጐድለው ወተት ነው። ላም ሣር ካጣች ገና ሳትሞት ወተቷ ይነጥፋል። ስለዚህ ረኃብ ወደ ሽማግሌውና ወደ ሕፃኑ የሚደርሰው ከብቱ ሳያልቅ፥ በበረት ውስጥ ቆሞ ሳለ ነው። መንገደኛ ላሞቹን አይቶ እኒህ ሴት ሀብታም ናቸው ይላል፤ በቤት ውስጥ ግን የሚጠጣ የለም። ባልቴቲቱ ጐልማሳ ቢሆኑ ኖሮ ላሞቹን ነድተው ሣር ወዳለበት በሄዱ ነበር፤ ከጕድጓዱም ወርደው በቀዱ ነበር። አሁን ግን ለሚያግድላቸው ልጅ፥ ለሚቀዳላቸውም ጐበዝ ዋጋ መክፈል አለባቸው። ሽማግሌ ከጐልማሳ ይልቅ ገንዘብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ጐልማሳው በራሱ ክንድ የሚያደርገውን እርሱ በሰው ክንድ ያደርጋልና።

እህል ለመግዛትም ሌላ መንገድ ስለሌላቸው አንዲቱን ላም ወደ ገበያ ይወስዳሉ። በዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ፤ ዋጋው ለትምህርቱ እንዲቀል እኛ ያደረግነው ነው። በደህና ዘመን ላም 80 ብር፥ አንድ ቍና በቆሎም 1 ብር ይሁን። ላሚቱ 80 ቍና ትገዛለች ማለት ነው። ቤተ ሰቡ በወር 4 ቍና ቢበላ ይህ ለ20 ወር ይበቃል። በድርቅ ጊዜ ግን የላሚቱ ዋጋ ወደ 20 ብር ይወርዳል፤ በቆሎው ወደ 2 ብር ይወጣል። አሁን ያችው ላም የምትገዛው 10 ቍና ብቻ ነው፤ ይህም ለሁለት ወር ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛይቱ ላም ትከተላለች።

ይህ እንዴት ይሆናል ትሉ እንደ ሆነ፥ በአንድ ገበያ ሁሉ ሻጭ ስለሚሆን ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ወር ከብቱን ያወጣል፤ ከብቱ ከስቷል፤ ገዢው ጥቂት ነው፤ እህሉ ደግሞ ከሩቅ አገር በመኪና ይመጣል። ነጋዴው ጨካኝ ባይሆንም እንኳ ዋጋው ይወድቃል። «አዴ፥ ይህች ላም ነገ ወድቃ ብታድር የሚሸጡት ቆዳዋን ብቻ ነው» ይላቸዋል። ባልቴቲቱም እውነት መሆኑን ስለሚያውቁ ገመዱን ይሰጡታል።

ላሚቱን በሌላ ለመተካት ስንት ዘመን ይፈልጋል? በዚያ አገር ጊደር አድጋ እስክትወልድ 4 ዓመት ያህል ይፈጃል። ለ20 ዓመት ጐበዝ ይህ ትንሽ ነው፤ ለ70 ዓመት ሰው ግን ብዙ ነው። ጐልማሳ ከብቱን ቢያጣ ወደ ከተማ ሄዶ ይሠራል፤ ሽማግሌው ግን ላሚቱን በሸጠ ጊዜ የቀረ ዕድሜውን ወተት መሸጡ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቀድሞ በኢትዮጵያ ድርቅ በመጣ ቍጥር እህል ከውጭ አገር ይለመን ነበር፤ ብዙ ጊዜም እህሉ ሲደርስ ከብቱ ተሽጦ ወይም ሞቶ ይቈይ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ከረጂዎች ጋር ሆኖ ልማታዊ ሴፍቲ ኔት የሚባለውን ሥራ ጀመረ። ሐሳቡም ችግሩ በየዓመቱ የሚመጣ መሆኑ ከታወቀ ርዳታውም አስቀድሞ የታወቀ ይሁን የሚል ነው። በዚህ ሥራ ጕልበት ያለው ሰው እርከን፥ ኩሬና መንገድ እየሠራ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። መሥራት የማይችለው ሽማግሌና ድውይ ግን ሳይሠራ ይሰጠዋል፤ ይህም ቀጥተኛ ድጋፍ ይባላል። በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው በአራተኛው ምዕራፍ፥ ለሠራተኞቹ ክፍያው በዓመት 6 ወር ሲሆን፥ መሥራት ለማይችሉት ቋሚ ተረጂዎች 12 ወር እንዲሆን ተደረገ። ይህ መልካም ውሳኔ ነበር፤ እርጅና በክረምት ሄዶ በበጋ የሚመለስ አይደለምና።

ከድንበሩ ማዶ፥ በኬንያ ሰሜን፥ በማርሳቢት፥ በቱርካና፥ በዋጂርና በማንዴራ፥ ይህን የመሰለ ሥራ በ2001 ዓ.ም. ገንዘብ መክፈል ጀመረ። በማርሳቢት አውራጃም የቦረና ወገኖች ይኖራሉ። በመጀመሪያ በየሁለት ወሩ 2,150 የኬንያ ሽልንግ ይሰጥ ነበር። ማን ይቀበል የሚለውም ነገር በሦስት መንገድ ተፈተነ፤ ከሦስቱ አንዱ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ መስጠት ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው የባንክ ወኪል በሆኑ በመንደር ሱቆች ነው፤ ተቀባዩም የጣቱን አሻራ ያሳያል።

ወደ ባልቴቲቱ እንመለስ። በእኛ ሒሳብ በየወሩ 8 ብር ቢደርሳቸው 4 ቍና በቆሎ ይገዛሉ። በ3 ወር የተሰጣቸው 24 ብር ነው። በእነዚያ 3 ወራት ዝናሙ ቢመለስ፥ በ20 ብር ልትሸጥ የነበረችው ላም እንደ ገና 80 ብር የምታወጣ፥ ደግሞም የምትታለብ ላም ትሆናለች። እንግዲህ የገንዘቡ ጥቅም በገዛው እህል ብቻ አይመዘንም፤ ሳይሸጥ በቀረውም ነገር ነው። ይህን በገበያ ቆሞ የሚመለከት ሰው አያየውም፤ ያልተሸጠች ላም ወደ ገበያ አትመጣምና።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ባለ ሱቁ ባልቴቲቱ በየወሩ ገንዘብ እንደሚመጣላቸው ካወቀ በዱቤ እህልና ስኳር ይሰጣቸዋል። ቀድሞ ለዱቤ መያዣቸው ላሚቱ ነበረች፤ አሁን ግን የሚጠብቁት ገንዘብ መያዣ ሆነላቸው። ከዚያው ገንዘብ ለእረኛው ልጅ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ለፍየሎቹ መድኃኒት ይገዛሉ፤ ለጐረቤትም ጥቂት ቍና ያበድራሉ። ይህን የመጨረሻውን እንደ ማባከን የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ አልልም። ዛሬ ያበደረ ሽማግሌ ነገ የሚያጠጣለት ጐበዝ አያጣም።

ዳሩ ግን ላሚቱ በድርቁ ብትሞትስ? ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው። ገንዘብ ሣር አይሆንም። ድርቁ ከረዘመ ላሚቱን የሚያቈያት የተገዛ ድርቆሽና የተቀዳ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ጥቂቱ ገንዘብ በሰውና በላም መካከል ይከፈላል፤ አንዳንድ ጊዜም ለሁለቱም አይበቃም። ብልህ ከብት አርቢ ገንዘቡ በምን ቀን እንደሚመጣ ካወቀ ሳይመሽበት ያስባል፤ ሁለት ፍየል ገና ሳይከሱ፥ ዋጋቸውም ሳይወድቅ ሸጦ፥ በዋጋቸው ድርቆሽ ገዝቶ ላሚቱን ያድናል። ፍየል በ5 ወር ትወልዳለች፤ ላም 9 ወር ታረግዛለች፤ ስለዚህ ፍየሏ ቶሎ ትተካለች። በምን ቀን እንደሚመጣ ካላወቀ ግን ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም። ርዳታው በሁለት ወር ቢዘገይ የገንዘቡ ቍጥር ያው ነው፤ ላሚቱ ግን ተሸጣለች። በኬንያ በ2007 ዓ.ም. ይህን ተመልክተው፥ ሣሩ መድረቁ ከሰማይ በሳተላይት በታየ ጊዜ፥ ሰው ሳይለምን ክፍያው ወደ ሌሎችም ቤተ ሰቦች እንዲሰፋ አደረጉ።

ሌላም ጉድለት አለ። እህል ሲወደድ የብሩ ቍጥር አብሮ ካልጨመረ ርዳታው በየወሩ ያንሳል። በገበያም እህል ከጠፋ ገንዘብ ከመያዝ እህል መቀበል ይሻላል፤ ስለዚህ ገንዘብ ሁልጊዜ ከእህል ይበልጣል የሚል ሰው ገበያውን ያላየ ነው። የክፍያው ቦታ ሩቅ ከሆነም በእግር መሄድ ለማይችል ሽማግሌ ከተሰጠው ላይ ለመኪና ወይም ለተላከ ሰው ይጐድልበታል። በሥራ ብዛት ጣቱ የተላጠ ሰው ደግሞ አሻራው ለመሣሪያው አልታይ ይላል፤ ዕድሜውን ሁሉ ገመድ የጐተተበት እጁ ማንነቱን ይክድበታል። ለዚህ ሲባል በእርሱ ፈንታ የሚቀበል የታመነ ሰው አስቀድሞ መመዝገብ ይገባል።

በነጻ የሚሰጥ ገንዘብ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል የሚሉም አሉ። ለጐልማሳ ስለሚሰጠው በሌላ ትምህርት እንነጋገራለን። 70 ዓመት የሞላው ሰው ግን የተወው ሥራ ጕልበቱ የከዳውን ነው፤ ገንዘቡ ባይሰጠው ወደ ጕድጓዱ አይወርድም።

ቦረናዎች ከዚህ ገንዘብ በፊት የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ ዛሬም አላቸው። ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጐሣው ያመለክታል፤ ጐሣውም ተሰብስቦ ከየቤቱ ከብት አውጥቶ እንደ ገና ያቋቁመዋል። ይህ ሥርዓት በሽታ ወይም ዘራፊ የአንዱን ቤት በመታ ጊዜ እጅግ ይረዳል። ነገር ግን ከ2013 ዓ.ም. ሐጋያ ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ሐጋያ አምስት ዝናም በተከታታይ ጠፋ፤ በዚያም ድርቅ የሰጪውም የተቀባዩም ከብት በአንድነት አለቀ። ሁሉ ለማኝ በሆነበት ጐሣ ማን ለማን ይሰጣል? ከሩቅ፥ ዝናም ከዘነመበት አገር የሚመጣ ገንዘብ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። የጐሣውን ሥርዓት ግን አይተካውም፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዝናሙ በተመለሰ ጊዜ ለባዶ በረት ጊደር የሚያወጣው፥ በገንዘቡ ረዳትነት ላሙን ሳይሸጥ የቀረው ጐረቤት ነው።

ሥራ። ባልቴቲቱ በየወሩ የሚቀበሉት 8 ብር ሳይለወጥ አንድ ቍና በቆሎ 4 ብር ቢገባ፥ ስንት ቍና ይገዛሉ? ለወሩስ ስንት ቍና ይጐድላቸዋል? የጐደለውን ለመሙላት በየወሩ አንዲት ፍየል ቢሸጡ ስምንቱ ፍየሎች በስንት ወር ያልቃሉ? ይህን ከሠራችሁ በኋላ በመጪው የገበያ ቀን ከአያቶቻችሁ ጋር ሄዳችሁ የፍየልና የእህል ዋጋ ጠይቁ፤ በየወሩም በደብተራችሁ እየጻፋችሁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጠብቁት።