ለስላሳ ፀጉርና አያያዙ

በወሎ ቦረና ገጠር ሴቶች ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው ሹሩባ ይሠራሉ። መካነ ሰላም ከተማ የገቡ ልጆች ግን ሪላክሰር በሚባል ቅባት ፀጉራቸውን ያለሰልሳሉ። ይህ ቅባት ብርቱ ነው። በአንዳንዱ ውስጥ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ አለ። ፀጉርን ያለሰልሳል፤ ቆዳንም ያቃጥላል።

ስለዚህ ራስ ከቆሰለ አይቀባም። ካቃጠለም «ትንሽ ልታገሥ» ማለት አይገባም፤ ቶሎ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ዓይን ከነካ በውሃ ደጋግሞ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮውን ያቃጥለዋልና ዕቃው ከልጅ ይራቅ።

የለሰለሰ ፀጉር ቶሎ ይበጠሳል። ሹሩባው አይጥበቅ። ባዶ ላስቲክ ከማሰር በጨርቅ የተሸፈነ ይሻላል። ሚዶውም ጥርሱ የተራራቀ ይሁን። ለማማር ተብሎ ራስ አይቃጠልም።

ጥያቄ፦ ቅባቱ ራስን ሲያቃጥል ምን ይደረጋል?