አሮጌ ትራክተርና ሮታቫተር

ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ አሮጌ ማሴይ ፈርጉሰን በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሞተሩ ቀላል ነው፤ ደህና መካኒክ ያስነሣዋል። ስለዚህ «ሮታቫተር ብንገጥምለት የጎመኑን መደብ በአንድ ጠዋት ይጨርሰው ነበር» የሚል አሳብ ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሮታቫተር እንደ ማረሻ የሚጎተት ብቻ አይደለም፤ ቢላዎቹን የሚያዞራቸው ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው ዘንግ፣ መካኒኮች ፒ.ቲ.ኦ. የሚሉት ነው። አደጋውም የሚመጣው ከዚያው ነው።

ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. የተሠራው ትንሹ ግራጫ ፈርጉሰን ያለው አንድ ፍሪሲዮን ብቻ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ሞተሩ ከካምቢዮው ይለያል፤ ፒ.ቲ.ኦ.ው ግን ከካምቢዮው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። ነጂው በመደቡ መጨረሻ ሮታቫተሩን አንሥቶ ፍሪሲዮን ሲረግጥ፣ በአየር ላይ የሚሽከረከሩት ከባድ ቢላዎች ጉልበታቸውን መልሰው ትራክተሩን ወደፊት ይገፉታል። እንደ ቀራንዮ ባለ፣ መደቡ በአጥር፣ በወንዝ ገደልና በሰው ቤት መካከል በተጨመቀበት ስፍራ፣ ጥቂት ሜትር መገፋት ብዙ ነው። መድኃኒቱ በፒ.ቲ.ኦ.ው ጫፍ ላይ የሚገባ፣ ኃይልን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያስተላልፍ መገጣጠሚያ ነው። ያለ እርሱ ሥራ አይጀመር።

ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሠሩት 135ዎች ብዙዎቹ ድርብ ፍሪሲዮን አላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ለመለየት ሮታቫተሩ ሳይገጠም ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ ፒ.ቲ.ኦ.ውን አስገቡና ፍሪሲዮኑን እስከ ግማሽ ብቻ ርገጡ። ዘንጉ በሙሉ ጉልበት መዞሩን ከቀጠለ ድርብ ነው።

ዘንጉ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። የነጠላ ጫፍ ወይም ጋቢ ቢነካው ለመጮኽ እንኳ ጊዜ የለም። ኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል። የዘንጉ መሸፈኛ ለእኛ ያ መከታ ነው፤ ከአሮጌ ትራክተሮች ላይ አስቀድሞ የሚጠፋውም እርሱ መሆኑ ያሳዝናል። ልጆች ሲታረስ ማየት ይወዳሉና አንድ ሰው እነርሱን ብቻ እንዲጠብቅ ይመደብ።

ሌላም ነገር አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በጭላሎ ትራክተር ሲበዛ ባለመሬቶች ራሳቸው ማሳረስ ጀመሩና ብዙ ጭሰኞች ተፈናቀሉ። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቢሆን መኪናው በገባበት መደብ ላይ ቀድሞ በዶማ ሲቆፍር ይተዳደር የነበረው ማን እንደሆነ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሳይጠይቁ ቀን መቁረጥ የለባቸውም።

ስለ አፈሩ፦ አንድ እፍኝ ጨብጡ። እንደ ሊጥ ከተያያዘ አትግቡ፤ ቢላው እርጥቡን ጭቃ ከታች ይለስነውና ውሃም ሥርም የማያሳልፍ ንጣፍ ይፈጥራል። ከተፈረፈረ በዝቅተኛው ማርሽ ግቡ። የባሕር ዛፍ ጉቶና ድንጋይ አስቀድሞ ይለቀም። አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ እንደ ዱቄት የደቀቀ አፈር በተዳፋት ላይ ከሆነ የሐምሌ ዝናብ ጠርጎ ወንዝ ያወርደዋል። ለማዞሪያ የሚሆን ስፍራ በሌለበት ጠባብ መደብ ትራክተሩ ይቅርና በዶማ ይቆፈር።