ኢኮኖሚክስ የመረጠ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ይማራል?

የፍሬሽማን (የጀማሪ ዓመት) ትምህርት አልቆ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲመጣ፣ ኢኮኖሚክስን ከሚሞሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ስለ ገንዘብ የሚማሩ ይመስላቸዋል። ሆኖም መዝገብ መያዝንና ሂሳብ መዝጋትን የሚማረው የአካውንቲንግ ተማሪ ነው። ድርጅት መምራትን የሚማረው ደግሞ የማኔጅመንቱ ነው። ታዲያ ለኢኮኖሚክሱ ተማሪ ምን ቀረለት? ቀስ ብለን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው። ለመነሻ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ገበያ እንውሰድ፤ የፋሲካን የዶሮ ገበያ።

ሁዳዴ ሲገባ ዶሮ የሚፈልግ ሰው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ረገብ ይላል። ሆሳዕና አልፎ የስቅለት ሰሞን ሲደርስ ግን ገበያው ይሟሟቃል። ዋጋው ይሰቀላል፤ ያም ሆኖ ከጾሙ ወራት ይልቅ ብዙ ዶሮ የሚሸጠው በዚያ ሰሞን ነው። አሁን ጀማሪ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማውን ሕግ እናስታውስ፦ ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ከቆየ፣ የአንድ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ሰዎች የሚገዙት መጠን ይቀንሳል። እዚህ ግን ዋጋውም የሚገዛው ብዛትም አብረው ጨመሩ። ሕጉ ፈረሰ ማለት ነው?

አልፈረሰም። ምሥጢሩ ያለው ተማሪው ሳያስተውል በሚያልፋት ሐረግ ውስጥ ነው፤ «ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ከቆየ» በምትለው። ፋሲካ ላይ ሌላው ነገር ባለበት አልቆየም፤ ጾም ተፈትቷል። ወረቀት አውጥተን ብንስለው ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ዋጋን በቁመት፣ ብዛትን በአግድም እናድርግ። በጾም ወቅት ሸማቾች በየዋጋው ምን ያህል ዶሮ እንደሚገዙ የሚያሳየው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየወረደ ይሄዳል፤ ይህ የፍላጎት መስመር ይባላል። ፋሲካ ሲመጣ እኛ በዚሁ መስመር ላይ ወደ ላይ አልወጣንም። መስመሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሄደ። በማንኛውም ዋጋ ቢሆን የሚፈለገው ዶሮ ከበፊቱ በዝቷል። በመስመር ላይ መንቀሳቀስና የመስመሩ መንቀሳቀስ ለየቅል ናቸው። ይህን በደንብ ያልለየ ተማሪ በመጀመሪያው ሚድ (የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና) ላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ምረቃው ድረስ ይደናገራል።

በነገራችን ላይ፣ የሂሳብ መምህራን ምክንያቱን በአግድም፣ ውጤቱን በቁመት ያስቀምጣሉ። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ግን ዋጋን በቁመት ያደርጉታል። ይህን ያስለመደው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ያሳተመው መጽሐፉ ትውልዶችን ስላስተማረ ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ከሂሳብ ክፍል የመጣ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ግር ቢለው ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማይክሮ ኢኮኖሚክስ (የግለሰቦችንና የድርጅቶችን ውሳኔ የሚያጠናው ዘርፍ) ነው። እዚህ ጥያቄው «ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?» ከሚለው «በምን ያህል?» ወደሚለው ያድጋል። ይህን የሚለካው ጽንሰ ሐሳብ ኢላስቲሲቲ (ገዢው ለዋጋ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ መጠን) ይባላል። በምሳሌ እንየው። አንድ ቤተሰብ በወር 25 ኪሎ ጤፍ በኪሎ 100 ብር ይገዛል እንበል፤ ወጪው 2,500 ብር ነው። ዋጋው 120 ብር ገባ። ቤተሰቡ እንጀራ አይተውም፤ ከሩዝ ወይም ከማሽላ ዱቄት ቀላቅሎ 22 ኪሎ ጤፍ ይገዛል። ዋጋው በ20 በመቶ ጨመረ፣ የተገዛው ጤፍ በ12 በመቶ ቀነሰ። 12ን ለ20 ስናካፍል 0.6 እናገኛለን። ውጤቱ ከ1 ካነሰ ፍላጎቱ ግትር ነው እንላለን። ቤተሰቡ አሁን የሚያወጣውን እናስላ፦ 22 ሲባዛ በ120፣ 2,640 ብር። ያነሰ ጤፍ ገዝቶ የበለጠ ብር ከፈለ።

አሁን ይህንኑ ስሌት ከሸማቹ ጓዳ አውጥተን ወደ ገበሬው ጎተራ እንውሰደው። ምርት ሲትረፈረፍ ዋጋ ይወርዳል። ሰው ግን እህል ስለረከሰ ብቻ ሁለት እጥፍ አይበላም። ስለዚህ የተረፈውን ምርት ገበያው እንዲቀበለው ዋጋው ምርቱ ከጨመረበት በበለጠ መጠን መውረድ አለበት፤ የገበሬው ጠቅላላ ገቢም ያንሳል። ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገራችን በቆሎ በጣም ጥሩ ምርት ሰጠ፤ ዋጋው ግን ክፉኛ ወደቀ። የማዳበሪያ ዕዳ የነበረበት ገበሬ ያመረተውን ሸጦ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በዓመቱ ደግሞ ድርቅ መጣ። በጥጋብ ዓመት ገበሬ ለምን እንደሚከፋ ከ0.6 ተነሥቶ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ገብቶታል፤ ቀመሩን ብቻ የሸመደደው ግን ገና ነው።

በዚሁ ጊዜ ካልኩለስ (የለውጥ ስሌት) እና ሊኒየር አልጀብራ ይመጣሉ፤ ብዙ ተማሪም ይደነግጣል። የተወሳሰበ ሂሳብ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ውሳኔ የሚወሰነው በጠቅላላው ሳይሆን በጭማሪው ላይ መሆኑ ነው። ዶሮ አርቢዋ መቶ ዶሮ ካላት በኋላ የምትጠይቀው «ዶሮ ማርባት ያዋጣል ወይ?» ብላ አይደለም፤ «መቶ አንደኛዋን ብጨምር ከምታስወጣኝ የምታስገባልኝ ይበልጣል ወይ?» ነው። ይህ ማርጂናል (የአንዲት ተጨማሪ) ወጪና ገቢ ይባላል። ካልኩለስ ይህችን ትንሽ ጭማሪ የምንለካበት መሣሪያ ነው። ሁለተኛም፣ ሂሳብ ግምታችንን እንዳንደብቅ ያስገድደናል። በቃል ስንከራከር ያልተናገርነው ግምት ተሸፍኖ ያልፋል፤ በቀመር ስንጽፈው ግን ሁሉም ያየዋል። በእኔ ግምት ሂሳብ የሚያስፈራው ከባድ በመሆኑ ሳይሆን፣ ከምን ጥያቄ እንደተነሣ ሳይነገር በሃንድአውት (በመምህሩ ማስታወሻ) ብቻ ስለሚሰጥ ነው።

እስካሁን ያየነው የአንድ ዕቃ ዋጋ ከሌላው ተነጥሎ ሲጨምር ነው። የሁሉም ዕቃ ዋጋ አብሮ ሲጨምርስ? እዚህ ላይ ማክሮ ኢኮኖሚክስ (የአገርን ኢኮኖሚ በጥቅሉ የሚያጠናው ዘርፍ) ይጀምራል። ይህ ዘርፍ ዛሬ የያዘውን መልክ መያዝ የጀመረው እንግሊዛዊው ጆን ሜይናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። ኬንስ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ለአንድ ሰው የሚበጀው ለሁሉም ላይበጅ እንደሚችል ነው። አንድ ሰው ቢቆጥብ ይጠቀማል። ሥራ በተቀዛቀዘበት ጊዜ ሁሉም ወጪውን በአንዴ ቢቆርጥ ግን የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ስለሆነ የሁሉም ገቢ ይወርዳል።

ለማክሮ ትምህርት የቅርብ ምሳሌ የሚሆነን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ የአንድ ዶላር ዋጋም በባንክ ከ57 ብር ግድም በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ከፍ አለ። አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ ሊጠይቅ የሚገባው «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ከማለቱ በፊት «ማንን በየት በኩል ይነካል?» ነው። ቡና ላኪው በዶላር ያገኘውን ወደ ብር ሲመነዝር የሚያገኘው ጨመረ። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ከውጭ ስለሚገቡ በብር የሚጠይቁት ዋጋ ጨመረ። ከውጭ አገር ለቤተሰቡ በባንክ የሚልክ ሰው ገንዘብ በብር ሲቆጠር በዛ። በአንጻሩ አስቀድሞም በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ይገዛ የነበረው አስመጪ ላይ የደረሰው ለውጥ በባንክ ይገዛ በነበረው ላይ ከደረሰው ያነሰ ነው። አንድ ውሳኔ በአራት በር ይገባል፤ እያንዳንዱን በር ተከትሎ ማየት ነው የማክሮ ተማሪ ሥራ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን፤ ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚን ግንኙነቶች በመረጃ መለካት)። የጉጃራቲን የኢኮኖሜትሪክስ መማሪያ መጽሐፍ ያልተሸከመ የኢኮኖሚክስ ተማሪ በአገራችን ጥቂት ነው። ተማሪው ስታታ የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍቶ ትእዛዝ ሲጽፍ ቁጥሮች ይደረደሩለታል፤ ትልቁ አደጋም እዚያ ላይ ነው። የዶሮውን ገበያ በምሳሌነት እንያዝ። ወር በወር የዶሮ ዋጋንና የተሸጠውን ብዛት መዝግበን ለኮምፒውተሩ ብንሰጠው፣ በዓል ያለባቸው ወራት ሁለቱም ከፍ ያሉባቸው ስለሆኑ «ዋጋ ሲጨምር ሰው ይበልጥ ይገዛል» የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ጥያቄያችን ነው የተሳሳተው።

ለምን? እያንዳንዱ የመዘገብነው ቁጥር የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮች የተገናኙባት ነጥብ ነው። ፋሲካ የፍላጎትን መስመር ሲያንቀሳቅስ የአቅርቦት መስመር ባለበት ከቆየ፣ ነጥቦቹ የሚዘረጉት በአቅርቦት መስመር ላይ ነው። ስለዚህ በዓሉ የነገረን የገዢውን ሳይሆን የሻጩን ጠባይ ነው። የገዢውን ጠባይ ለማወቅ ከፈለግን የግድ የሻጩን መስመር ብቻ የሚያንቀሳቅስ ነገር መፈለግ አለብን። ለምሳሌ የዶሮ መኖ ዋጋ። መኖ ሲወደድ አርቢው ያንሳል፤ የሸማቹን የዶሮ ወጥ ፍላጎት ግን መኖ በቀጥታ አይነካውም። እንዲህ ያለው ነገር ኢንስትሩመንታል ቫሪያብል (አጋዥ ተለዋዋጭ) ይባላል። ዘዴውን በጽሑፍ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ፊሊፕ ራይት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ዘይትና ቅባት ቀረጥ በጻፈው መጽሐፍ አባሪ ላይ ነው፤ ከምሳሌዎቹ አንዱም ተልባ ነበር። ተማሪው ይህን አንድ ሐሳብ ከተረዳ የቀረው የኢኮኖሜትሪክስ ክፍል አብዛኛው ዝርዝር ነው።

ዴቨሎፕመንት ኢኮኖሚክስ (የልማት ኢኮኖሚክስ) ላይ ስንደርስ ደግሞ መጻሕፍቱ ራሳቸው ወደ አገራችን ይመጣሉ። ሕንዳዊው አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ከመረመራቸው ረሃቦች አንዱ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ነው። በወሎ ምርት ወድቆ ነበር፤ በአገር ደረጃ ግን ያን ያህል አልወደቀም። ሴንን ያስደነቀው ሌላ ነገር ነው። እህል ከጠፋ ዋጋው መናር አለበት፤ ደሴ ላይ ግን ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር። እንዴት? ገበያ የሚሰማው የሚከፍልን ሰው ብቻ ስለሆነ ነው። ሰብሉ የደረቀበት ገበሬና ከብቶቹ ያለቁበት አርብቶ አደር የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም፤ ረሃባቸው ወደ ገበያ ድምፅ አልተለወጠም። በመጀመሪያው ዓመት የሳልነው የፍላጎት መስመር ውስጥ እነዚህ ሰዎች አልነበሩም ማለት ነው። የሴን የወሎ ትንታኔ ተቺዎች አሉት፤ የመንገድ ችግር ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጠው ይገባ ነበር የሚሉ አሉ። ክርክሩን ከነተቺዎቹ ማንበብ ከማንኛውም ሃንድአውት የበለጠ ያስተምራል።

የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ በሚባለው ትምህርት ተማሪው ስለ ስሚዝ፣ ስለ ሪካርዶና ስለ ማርክስ ይማራል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ግን ራሱ ፈልጎ ቢያነብ መልካም ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ደራሲው ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ልውውጡ ለምን እኩል እንደማይሆን ያስረዳበት መንገድ፣ ዛሬ በዓለም አቀፍ ንግድ ኮርስ ላይ ከሚነሡት ጥያቄዎች ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገር ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ፈተና ብዙ ስለሚወራ እዚህ አልቆይበትም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሲኒየር ኢሴይ (የመመረቂያ ጥናት) ነው። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ «በኢትዮጵያ የዋጋ ንረት መንስኤዎች» የሚል ሰፊ ርዕስ ይይዛሉ። ከዚያ ይልቅ በአንድ ከተማ የአንድ ዕቃ ገበያ ላይ ቢወሰኑ አማካሪያቸውም ሊረዳቸው፣ እነሱም ሊጨርሱት ይችላሉ።

ለዚህ ጥናት መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር ቀድሞ ይወቅ። «የወር ገቢዎ ስንት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው እውነቱን የሚናገረው ከስንት አንድ ነው። አንዱ ግብር ይፈራል፣ ሌላው እርዳታ ይቀርብኛል ብሎ ይሰጋል፤ ገበሬው ደግሞ ከእርሻው የበላውን ገቢ ብሎ አይቆጥረውም። በዚህም የተነሣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ድህነትን ሲለኩ በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ ፍጆታ ነው፦ ባለፈው ሳምንት ምን ያህል ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና ተጠቀማችሁ? ከገበያ ነው ወይስ ከጓሮ? እያንዳንዱ በኪሎና በብር ይመዘገባል፤ ከጓሮ የመጣውም በአካባቢው የገበያ ዋጋ ተተምኖ ከተገዛው ጋር ይደመራል።