በማዕድ የሚታይ ሃይማኖት

ሃይማኖት በቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚኖር፥ ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ በዓል ልብስ ታጥፎ በሣጥን የሚቀመጥ ነገር አይደለም። የአንድ ቤት ሰዎች ክርስቲያን መሆናቸው በግድግዳ በተሰቀለው ሥዕል ብቻ አይታወቅም፤ በማዕዱ ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥና ማን እንደሚረሳም ይታወቃል።

ልጆች ሆይ፥ በአዲስ አበባ ልደታ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ልደታ ማለት በግዕዝ ልደቷ፥ መወለዷ ማለት ነው። በዓሉም በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ይከበራል። በዚያን ቀን ስንዴው፥ ባቄላው፥ ሽምብራው በአንድ ድስት ተቀቅሎ ንፍሮ ይሆናል፤ ጎረቤትም ከየቤቱ ወጥቶ በደጅ ተሰብስቦ ይበላል። ከቤት ውጭ የሚበላውም፥ አባቶች እንደሚያስተምሩት፥ እመቤታችን ከኢያቄምና ከሐና በሊባኖስ ተራራ ስለ ተወለደች ነው።

በዚያ በደጅ የከበረ መቀመጫና የተናቀ መቀመጫ የለም። ባለጠጋውና ድኻው፥ እንግዳውና የቤት ሠራተኛዪቱ ከአንድ ንፍሮ ይዘግናሉ። ይህ እጅግ ያማረ ልማድ ነው። ነገር ግን በዓሉ አልፎ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ምን ይሆናል?

በብዙ ቤት ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። ከሁሉ በፊት ተነሥታ ቤት ትጠርጋለች፤ ወጥ ትሠራለች፤ የቤቱም ሰዎች ለምሳ ሲቀርቡ በማስታጠቢያ ውሃ ታስታጥባቸዋለች። እነርሱ የማዕድ ጸሎት አድርሰው ሲበሉ እርስዋ ቆማ ትጠብቃለች፤ በኋላም የተረፈውን በማድቤት ብቻዋን ትበላለች። የቤቱ ልጆች መጽሐፍ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፥ እርስዋ በዕድሜ እኩያቸው ሆና ሳለ የገዛ ስምዋን መጻፍ አታውቅም።

ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ራት በበላባት ሌሊት ከማዕድ ተነሥቶ፥ በወገቡ ጨርቅ ታጥቆ፥ እግራቸውን በእጁ አጠበ። እግር ማጠብ በዚያን ዘመን የአገልጋይ ሥራ ነበረ። ጌታ ይህን ሥራ ከሠራ ወዲያ፥ ውሃ ይዛ የምታገለግለንን ልጅ ልንንቃት እንዴት ይገባናል?

በአገራችን ባርነት ለብዙ ዘመን የኖረ ክፉ ልማድ ነበረ። ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎችም ባሪያ ይገዙ ነበር። በመጨረሻ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባርነት በሕግ ተሻረ። ሕግ ሰንሰለትን ይፈታል፤ ንቀትን ከልብ ማውጣት ግን የየቤቱ ሥራ ነው።

የተናቀ ሰው ፊደል ቢያገኝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከአስቴር ጋኖ ታሪክ እንማራለን። አስቴር በልጅነትዋ ለባርነት ወደ ባሕር ማዶ ስትወሰድ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. ነጻ የወጣች የኦሮሞ ልጅ ናት። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች። እንደ እርስዋ ከባርነት ከወጣው ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና በኦሮምኛ ለልጆች የንባብ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ መጽሐፉም በ1894 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጐምም ረዳችው፤ ትርጓሜውም በ1899 ዓ.ም. ታተመ። ለባርነት ተነድታ የነበረችው ልጅ የብዙ ልጆች አስተማሪ ሆነች።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ በቤታችሁ የምታገለግለውን ልጅ በስምዋ ጥሩአት፤ በዕድሜ ከበለጠቻችሁም እትዬ በሉአት። ማስታጠቢያውን ከእጅዋ ተቀብላችሁ በተራችሁ አስታጥቡአት። ከእናንተ ጋር ከማዕድ እንድትቀርብ፥ የማታ ትምህርትም እንድትገባ አባታችሁንና እናታችሁን በአክብሮት ለምኑ። እስከዚያም ድረስ ማታ ማታ ከመጽሐፋችሁ አንድ አንድ ፊደል አሳዩአት። ሰው «ልማዳችን እንዲህ አይደለም» ቢላችሁ፥ ልማድ ከእግዚአብሔር ትእዛዝ እንደማይበልጥ አስታውሱ።

የልደታ ንፍሮ በዓመት አንድ ቀን በደጅ ያስተማረንን፥ ማዕዳችን በየቀኑ በቤት ውስጥ ይፈጽመው።

ጥያቄ።
1. በልደታ ቀን ንፍሮ ከቤት ውጭ የሚበላው ስለ ምንድር ነው?
2. አስቴር ጋኖ ፊደል ባትማር ኖሮ ማን ይጐዳ ነበር?
3. በቤታችሁ ከሁሉ በኋላ የሚበላ ማን ነው?