ሞተሩ አልነሣ ሲል መጀመሪያ ጭሱን እንይ

ከባድ የጭነት መኪና ጠዋት አልነሣ ሲል በየጋራዡ መጀመሪያ የሚሰማው «ባትሪው ነው» የሚል ቃል ነው። ሁለተኛው «ፖምፓው ሞቷል» ይሆናል። በዚህ መሀል ባትሪ ተገዝቶ፣ ፖምፓ ወርዶ፣ ባለንብረቱም ብዙ ብር ከፍሎ መኪናው በማግስቱ እንደገና ይገፋል። እኛ የአውቶ መካኒክስ ሠልጣኞች ነገ ይህንኑ ሥራ የምናስተምር እንደመሆናችን፣ ብልሽቱ በግምት ሳይሆን በቅደም ተከተል እንዴት እንደሚፈለግ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው አየሩ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህልና ከዚያም በላይ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሦስት ነገር ያሻል፤ በቂ የመዞር ፍጥነት፣ የማያፈስ እመቃ፣ ማለትም ጋራዥ ውስጥ ኮምፕሬሽን የሚባለው፣ እንዲሁም አየር ያልገባበት ናፍጣ።

በቅድሚያ ጆሮ ይሥራ። ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ ቢያንስ 100 ዙር ያህል ካላዞረው የታመቀው አየር ግለቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ እያስረከበ ይቀዘቅዛል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ በተያያዙበት መኪና ላይ፣ በማስነሣት ጊዜ ቮልቱ ከ19 ገደማ በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየጎተተ ነው። ባትሪው ደህና ሆኖ ዙሩ ከከበደ የገመዶቹን ማሰሪያ በእጅ እንንካ፤ የጋለው ላልቷል ወይም ዝጓል። ሞተሪኖውን ከ30 ሴኮንድ በላይ አለማሠራትና በየመሀሉ 2 ደቂቃ ማሳረፍ ግድ ነው። ብዙ ሞተሪኖ የሚቃጠለው በራሱ ድክመት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ በማያውቅ ሹፌር ጣት ነው።

ዙሩ ደህና ሆኖ ካልተነሣ ወደ ማርሚታው ጫፍ እንሂድ። አንዱ ሞተሪኖውን ሲያዞር ሌላው ጭሱን ይመልከት። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ አልገባም፤ ታዲያ ቴስታታ መክፈት ምን ያደርጋል? ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ገብቷል፣ ግን አልተቀጣጠለም፤ ግለት አንሷል፣ ወይም ኢንጀክተሩ በደንብ አይበትንም፣ ወይም የመርጫው ጊዜ ተዛብቷል። ጥቁር ከሆነ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ማየት ነው።

ነጩን ጭስ ስንመረምር ያለንበትን አገር አንርሳ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ስለሆነ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ጅቡቲ ላይ ወዲያው የሚነሣ ያረጀ ሞተር ደብረ ብርሃን አድሮ ጠዋት ቢያስቸግር የሚገርም አይደለም። እመቃው ሲለካም ከፋብሪካው ቁጥር ዝቅ ስላለ ብቻ «የፒስቶን ቀለበቱ አልቋል» ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ስድስቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት እንምጣ። መኪናው ጠዋት ጠዋት ብቻ ያስቸግራል፣ አንዴ ከተነሣ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ይሠራል እንበል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ማጠራቀሚያው ተመልሶ በምትኩ አየር መግባቱን ያመለክታል። ሰው ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያይና «የሚንጠባጠብ የለም፣ ጤነኛ ነው» ይላል። ነገር ግን ከማጠራቀሚያው እስከ መጋቢው ፖምፓ ያለው መስመር የሚሠራው በመሳብ ነው። የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ስለሚያንስ ቀዳዳው አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ አያወጣም፤ ቧንቧው ተበስቶም ደረቅ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ አድርገን እናስቀምጥና በአጭር ቱቦ በቀጥታ ከመጋቢው ፖምፓ መግቢያ ጋር እናገናኘው፤ አየሩንም በእጅ ፖምፓ እናስወጣ። እንዲህ ሆኖ አድሮ ጠዋት ቶሎ ከተነሣ ጥፋቱ ከመግቢያው በስተኋላ ነው፤ የላላ ማሰሪያ፣ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም በደንብ ያልተቀመጠ የፊልትሮ ላስቲክ ይሆናል። ቱቦው በውስጡ የሚያሳይ ከሆነማ አረፋው ራሱ ይታያል።

የተገላቢጦሹም አለ። ቀዝቅዞ የሚነሣ፣ ሲሞቅ ግን የማይነሣ ሞተር ብዙውን ጊዜ የኢንጀክሽን ፖምፓው ውስጠኛ ዘንጎች ተበልተውበታል፤ የሞቀ ናፍጣ ስለሚቀጥን በክፍተቱ ያመልጣል።

«ኤተር ንፋበት፣ ይነሣል» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ይነሣ ይሆናል። ሆኖም ኤተር ጊዜው ሳይደርስ ስለሚቀጣጠል ፒስቶን ሊሰብር ይችላል፤ ካንዴሌታ ወይም የአየር ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ አየር ማስገቢያው ውስጥ ፈንድቶ ፊት ያቃጥላል። ለተማሪ እንደ ዘዴ ሊታይ አይገባም እንላለን።

የእጅም ነገር አለ። በቀድሞዎቹ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በፊያት ኤንትሬ ላይ፣ የኢንጀክተሩን ቧንቧ ማሰሪያ ጥቂት አላልቶ ናፍጣ መድረሱን ማየት የተለመደ ነው፤ ያኔም ቢሆን ዓይንና እጅ ራቅ ይላል። በኮመን ሬል ሞተር ላይ ግን ይህ ፈጽሞ ክልክል ነው። እዚያ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን በቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ ያስቆርጣል። በመሆኑም ተማሪዎቻችን ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት የሞተሩን ዓይነት ለይተው እንዲናገሩ እናድርግ። በኮመን ሬል ላይ ግፊቱን የምናነበው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚያያዝ መመርመሪያ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ግፊቱ 200 ባር ገደማ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን አይከፍትም።