የብድር ዕዳን በየወሩ ስለ መክፈል ሒሳብ

ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አያውቅምና፥ ትእዛዙን የሚጽፍለት ሰው አስቀድሞ ሒሳቡን በወረቀት ይሥራ። አንድ ገበሬ 1000 ብር በዓመት ከመቶ 12፥ ማለት በወር ከመቶ 1 ወለድ ተበደረ እንበል። በየወሩ 88 ብር ከ85 ሳንቲም ቢከፍል፥ በመጀመሪያው ወር 10 ብሩ ለወለድ፥ የተረፈው ለዋናው ገንዘብ ይሆናል፤ ቀሪ ዕዳውም 921 ብር ከ15 ሳንቲም ነው። የሁለተኛው ወር ወለድ ከዚሁ ከቀሪው ይታሰባል፥ እርሱም 9 ብር ከ21 ሳንቲም ነው። መኪናው ይህን 12 ጊዜ እንዲደግም ይታዘዛል። ነገር ግን ጸሐፊው ተሳስቶ «ከቀሪው» በማለት ፈንታ «ከመጀመሪያው» ብሎ ቢጽፍ፥ መኪናው ሳያፍር በየወሩ 10 ብር ወለድ ይቈጥራል፤ ድኻውም 66 ብር ከ19 ሳንቲም በሚበቃው ፈንታ 120 ብር ወለድ ይከፍላል። ሳንቲም ስለሚጠጋጋ የመጨረሻው ወር ክፍያ 88 ብር ከ84 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህም ለመኪናው ተለይቶ ይጻፍለት።